ከጨው ወደ ብር፤ በይፋት ገበያ ስለ ነበረው የገንዘብ ሒሳብ በተጻፉ ሦስት ጽሑፎች ላይ የቀረበ ትችት

የዚህ ሐተታ ዓላማ ስለ ይፋት ቆላ ገበያ የሚናገሩ ሦስት ጽሑፎችን በአንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ጥያቄውም፣ ገንዘብ በዐሥርና በመቶ መከፈል ሳይጀምር በይፋት ገበያ የነበረው ሒሳብ ሥርዐት ነበረውን ወይስ አልነበረውም የሚል ነው። ጽሑፎቹ የሚከተሉት ናቸው። አንደኛው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ «የኢትዮጵያ ደጋዎች» በሚል ርእስ በ1844 በለንደን ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የወጣው ቻርልስ ጆንስተን በደቡብ ሐበሻ ስላደረገው ጉዞ የጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1965 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ያወጡት፣ ከመካከለኛው ዘመን እስከ 1935 ያለውን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገንዘብና የባንክ ታሪክ የሚተርከው ጥናት ነው። ሁለቱ ገበያውን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ሦስተኛው ያዩት የጻፉትን ሰብስቦ ያቀናጀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት ያለበት ዓመት በኢትዮጵያ፣ ምልክቱ የሌለበት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ አገሩን ማስታወስ ይገባል። ይፋት የምንለው ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ገደል ሥር ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርደው አገር ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ብርዱን ከኋላው ትቶ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ላይ ቆላውን ያገኘዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ዋናው የንግድ በር ከዚያ ወደ ደቡብ ነበር። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሸዋ መንግሥት መግቢያ ወደ ሆነችው ፋሬ ይደርሳል፤ ከዚያም በአንኮበር ግርጌ ወዳለችው ወደ አልዩ አምባ ይወጣል። በዚያ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ይገናኛሉ። ከደጋው ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ መናገሩ ቢከብድም ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከቆላው ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይገባል።

የዚህ ሁሉ ልውውጥ መለኪያ ሁለት ዐይነት ገንዘብ ነበር። ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር፣ ማለት የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበት የሚመታው፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል የሆነ ብር ነው። ትንሹ ገንዘብ አሞሌ ጨው ነው፤ ይኸውም ከአፋር የጨው ሜዳ ተቈርጦ የሚወጣ፣ እንዳይሰበር በልጥ የሚታሰር የጨው ቁራጭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ምንዛሪ በሕግ አልተወሰነም ነበር። ከጨው ሜዳው እየተራቀ በተሄደ መጠን አንድ ብር የሚያመጣው አሞሌ ቍጥሩ ያንሳል። ይህን በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ለራሱ ዘመን በወርቅ መዝኖ መዝግቦታል። በአንድ ገበያም ቢሆን ምንዛሪው ጨው እንደ በዛና እንዳነሰ ይለዋወጣል።

ብዙ የአውሮፓ መጻሕፍት ከዚህ ተነሥተው፣ ይህ ገና ገንዘብ ሊባል ያልበቃ ልውውጥ ነው ወደሚል ፍርድ ይደርሳሉ። የፖል አይንዚግ በ1949 የወጣ ታዋቂ መጽሐፍ ርእሱ ራሱ «ጥንታዊ ገንዘብ» የሚል ነው፤ አሞሌም ከዚህ ክፍል ይመደባል። እኔ የምቃወመው ምደባውን ሳይሆን በምደባው ውስጥ ተሸሽጎ የሚገባውን ንጽጽር ነው። አሞሌ ጥንታዊ ከተባለ «ዘመናዊ» የተባለው በዚያው ዓመት ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለምና።

እስቲ ከሀሪስ እንጀምር። ሀሪስ የቦምቤይ መሐንዲሶች ጦር መኰንን ሲሆን በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ፤ የወዳጅነትና የንግድ ውልም በኅዳር 1834 ዓ.ም. (በ1841) ተፈረመ። የመጽሐፉ ጥቅም አይካድም፤ ስለ ሲራራው መንገድ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ገበያው ብዙ ነገር ያስተምራል። ቋንቋው ግን እጅግ ያጌጠ ነው። ገበያው ለሀሪስ ሥዕል ነው፤ ቀለሙን፣ ጩኸቱንና ሽታውን ያሳየናል እንጂ በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን ሒሳብ ተከታትሎ አያሳየንም። ገበያ መግለጫው በሰፋ ቍጥር ሻጩ ከዓይናችን ይርቃል።

ይህ ሰው የመጣው ከምን ዐይነት የገንዘብ ሥርዐት ነበር? በቦምቤይ ገንዘቡ ሩፒ ነው። አንድ ሩፒ 16 አና፣ አንድ አና 4 ፓይሳ ይሆናል፤ ይህ ክፍፍል በሕንድ እስከ 1957 ቆይቷል። በተወለደበት አገር ደግሞ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ፣ አንድ ፔኒ 4 ፋርዚንግ ነበር። ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። ይህ አከፋፈል በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከነበረው ከንጉሥ ሻርልማኝ የብር ሚዛን የወረደ ነው፤ እንግሊዞችም እስከ የካቲት 15 ቀን 1971 ድረስ አልተዉትም። እንግዲህ የባቡሩና የፋብሪካው አገር ሀብቱን ያከማቸው በዐሥርና በመቶ እየቈጠረ አይደለም። የመቶ ክፍል የሥልጣኔ ምልክት ቢሆን ኖሮ ለንደን ራሷ እስከ 1971 ድረስ ከጥንታውያን ወገን በተቈጠረች ነበር።

«ነገሩ የቍጥሩ አከፋፈል አይደለም፤ በይፋት ትልቁና ትንሹ ገንዘብ እርስ በርሳቸው ምንዛሪያቸው ያልጸና መሆኑ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝን ታሪክ ወደ ኋላ ብንመለከት ይኸው ችግር በዚያም ነበር። ጊኒ የተባለው የወርቅ ገንዘብ በ1663 መመታት ሲጀምር 20 ሽልንግ እንዲሆን ታስቦ ነበር። የብሩ ገንዘብ እየተሸረፈና እያለቀ ሲሄድ ግን በ1690ዎቹ ጊኒው እስከ 30 ሽልንግ ድረስ ወጣ። 21 ሽልንግ እንዲሆን የተወሰነው በ1717 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የለንደን ነጋዴ ወርቁን በሽልንግ ሲመነዝር የዕለቱን ዋጋ መጠየቅ ነበረበት ማለት ነው። የአልዩ አምባ ነጋዴ ብሩን በአሞሌ ሲመነዝር ያደርግ የነበረውም ይህንኑ ነው።

«በሰው አገር ንጉሥ ምስል መገበያየት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በ1797 እንግሊዝ የብር ገንዘብ ባጠራት ጊዜ የእንግሊዝ ባንክ የስፔን ብሮችን ሰብስቦ፣ በስፔኑ ንጉሥ ምስል አንገት ላይ የሦስተኛውን ጆርጅ ትንሽ ምስል እያተመ ለሕዝብ አወጣ። በዚያው ዘመን የመዳብ ሳንቲም ስላልተገኘ የማዕድንና የፋብሪካ ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው የራሳቸውን የመዳብ ምልክት እየመቱ ይከፍሉ ነበር። ሀሪስ ወደ ይፋት ሲወርድ ይህ ሁሉ ካለፈ አንድ ትውልድ ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱም በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት ጠገራ ብርን ከቪየና በሚሊዮን እያስመታ አስመጥቷል፤ ለኢትዮጵያ ገበያ የራሱ ገንዘብ እንደማያገለግል ዐውቋልና።

ወደ ጆንስተን እንለፍ። ጆንስተን ሐኪም ነበር፤ በ1842 እና በ1843 በአልዩ አምባ ተቀምጦ በንዳድ ሲታመም፣ ቤት ተከራይቶ የዕለት ምግቡን ሲያስገዛ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ ለእኛ ጥያቄ ከሀሪስ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅማል። አሞሌ በእርሱ መጽሐፍ የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ምግብ የሚገዛበትና ባለቤቱ ሲያልቅበት የሚጨነቅለት ገንዘብ ነው። ከሀሪስ መልእክተኞች ጋር የነበረው ጠብ አንዳንድ ገጾችን ቢያበላሽበትም፣ ትንሽ ግዢን መመዝገብ ነውር መስሎ ስላልታየው ልናመሰግነው ይገባል።

ነገር ግን ሀሪስንም ጆንስተንንም በአንድነት የሚመለከት አንድ ጉድለት አለ፤ የዚህ ሐተታ ዋና ቁም ነገርም ይህ ነው። ሁለቱም ገዢዎች ናቸው። ሁለቱም ወደ ገበያው የገቡት ብር ይዘው ነው። ብሩን ወደ ጨው ይመነዝራሉ፤ በጨውም ዶሮ፣ እህልና ማገዶ ይገዛሉ። የሚያዩት መንገድ ከላይ ወደ ታች፣ ማለት ከብር ወደ ጨው የሚወርደውን ነው። የይፋት ገበሬ መንገድ ግን ተቃራኒው ነበር። እርሱ ጥጡን ወይም ማሽላውን በትንሽ በትንሹ ሸጦ ጨው ያገኛል፤ በሬ ለመግዛት ወይም በብር የተጠየቀውን ዕዳ ለመክፈል ሲፈልግ ጨውን አከማችቶ ብር መግዛት አለበት። ከጨው ወደ ብር መውጣት ነበረበት።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ እናሳይ፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። በአንድ የገበያ ቀን ብሩ በ20 አሞሌ ይመነዘራል እንበል። ገበሬው ለሦስት ሳምንት ጥጥ እየሸጠ 20 አሞሌ አጠራቀመ። በአራተኛው ሳምንት ከበረሓ ብዙ ጨው ገብቶ ብሩ 22 አሞሌ ቢጠየቅበት ገበሬው ሁለት አሞሌ ጎደለው። ከሃያው አንዱ ቢሰበርበት ወይም ክረምቱ ቢያረጥብበት ጕድለቱ ይጨምራል። በዚያው ቀን ብር ይዞ የመጣው እንግዳ ግን ሁለት አሞሌ አተረፈ። እንግዳው በመጽሐፉ «ገበያው ረክሷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በአነጋገሩም ውሸት የለበትም። ነገር ግን የእርሱ ትርፍ ከማን ኪሳራ እንደ መጣ ከብር ወደ ጨው በሚወርደው መንገድ ላይ ቆሞ ሊያየው አይችልም።

የፕሮፌሰር ፓንክኸርስትን ጥናትም የምተቸው ከዚህ አንጻር ነው። ጥናታቸው ለዚህ ትምህርት መሠረት ነው፤ ከእርሳቸው በፊት በየመንገደኛው መጽሐፍ ተበታትኖ የነበረውን የምንዛሪ ወሬ በዘመንና በቦታ ለይተው ያስቀመጡ እርሳቸው ናቸው። ሆኖም ሁለት ነገሮች ይቀሩታል። አንደኛ፣ ምንዛሪዎቹ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ከመንገደኞች ስለ ሆነ የሚመልሱት ጥያቄ «አንድ ብር ስንት አሞሌ ያመጣል?» የሚለውን ነው። «አንድ ብር ለመግዛት ስንት አሞሌ ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው አልተጠየቀም። ገንዘብ መንዛሪ ባለበት ሁሉ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ሁለት መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ የሠንጠረዡ ግማሽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ርእሱ እንደሚያመለክተው በ1935 ይቆማል። ለይፋት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን በገንዘብ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለበት።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ ዐፄ ምኒልክ ገንዘብ ጥቂት እንበል። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. (በ1893) የአገር ገንዘብ እንዲወጣ ዐወጁ፤ ገንዘቡም ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ተመታ። የብሩ ግማሽ አላድ፣ ሩቡ ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ተባለ። በ1889 ዓ.ም. ከተመቱት የመዳብ ገንዘቦች መካከል አንዱ የብር መቶኛ፣ ሌላው የብር ሠላሳ ሁለተኛ ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ንጉሥ ስም፣ ሁለት የማይገጥሙ ሒሳቦች ወጡ ማለት ነው፤ መቶኛው የፈረንጅ ሒሳብ ነው፣ ሠላሳ ሁለተኛው ግማሹን እያጋመሱ የሚወርዱበት የገበያ ሒሳብ ነው። ግርሽም መጀመሪያ የብር ሃያኛ ሆኖ ሳለ ኋላ 16 ግርሽ ለአንድ ብር ተባለ፤ 32 ቤሳም ለአንድ ብር። ገበያው ሃያውን ወደ ዐሥራ ስድስት ጎትቶ ማጋመሱን አጸናው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሚዛንና ልክ በሌለበት ቦታ ሰው በእጁና በዓይኑ የሚከፍለው በማጋመስ ነው፤ ቁና እህል ይጋመሳል፣ ጋቢ ይጋመሳል፣ የበግ ሥጋም እንዲሁ። ይህ አላዋቂነት አይደለም። ሀሪስ ደመወዙን ይቀበልበት የነበረው ሩፒ በ16 አና መከፈሉም፣ ቤሳ የሚለው ስም ከሕንዱ ፓይሳ መምጣቱም፣ የይፋት ገበያና የሕንድ ውቅያኖስ ገበያ በአንድ ዐይነት ሒሳብ ይግባቡ እንደ ነበር ያመለክታል። ዛሬም ገንዘብ የሌለው ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል፤ ቤሳው ከገበያ ቢጠፋም ከአንደበት አልጠፋም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብር በመቶ ተከፈለ። ጣሊያን ገብቶ ሊራውን አመጣ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር ጣሊያንን ሲያስወጡ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው መጡ። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ወደ ደሴ የዘመተው ሸዋ ሮቢትን በሚያቋርጠው ጎዳና ነው። ይህ ሽልንግ በስሙ የእንግሊዝ ቢሆንም በሒሳቡ የእንግሊዝ አልነበረም፤ ከ1921 ጀምሮ በ100 ሳንቲም የተከፈለ ነበር። እንግሊዞች ለቅኝ ግዛታቸው የመቶውን ሒሳብ ሰጥተው ለራሳቸው 12 ፔኒውን ሃምሳ ዓመት ያህል አቆይተዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ 1937 ዓ.ም. (በ1945) አዲሱን ገንዘብ ሲያወጣ አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተመነዘረ።

የዚህ ምንዛሪ አሻራ በአማርኛ ቋንቋ ላይ ቀርቷል። የብሩ ግማሽ፣ ማለት 50 ሳንቲም፣ «ሽልንግ» ተባለ፤ አንድ ሽልንግ የነበረውን ዋጋ ይዟልና። 25 ሳንቲም ደግሞ «ስሙኒ» ተባለ። ስሙኒ ከዐረብኛ የመጣ፣ ትርጕሙ ስምንተኛ የሆነ ቃል ነው፤ በስዋሒሊም ተመሳሳዩ ቃል የግማሽ ሽልንግ ስም ነው። 25 ሳንቲም በመቶው ሒሳብ ሩብ ነው፤ በሕዝቡ አንደበት ግን ስምንተኛ ተባለ። የመንግሥት ዐዋጅ መቶውን ቢያውጅ ገበያው በማጋመስ የሚገኙትን ሁለት ክፍሎች በድሮ ስማቸው ጠርቶ ተቀበላቸው። ይህን ምስክር የውጭ አገር መንገደኛ አልጻፈውም፤ ሻጭና ገዢ በአፋቸው ጠብቀው አቆዩት እንጂ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ የይፋት ገበያ ሒሳብ ሥርዐት ነበረው ብለን መመለስ እንችላለን። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ ያለፈውን ማመስገን ብቻ ሌላ ስሕተት ይሆናል። ሥርዐት ነበረው ማለት ፍትሕ ነበረው ማለት አይደለም። አሞሌ ይሰበራል፣ ይሟሟል፣ ለመሸከም ይከብዳል፤ ምንዛሪው በተናወጠ ቍጥርም የሚጎዳው ጥቂቱን ጨው ይዞ ብሩን የሚሻው ሰው ነበር። ይህን ሰው የረዳው ዐሥር ቍጥር አይደለም፤ ትንሹ ገንዘብ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ወደ ትልቁ እንዲመነዘር የወሰነው ሕግ ነው። እንግሊዞች ይህን በ1816 ሕጋቸው የብሩን ሽልንግ በወርቁ ሥር ሲያስገቡ፣ 12 እና 20ን ሳይነኩ አደረጉት። እኛ በ1937 ዓ.ም. ከመቶው ሒሳብ ጋር አንድ ላይ አደረግነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ስለ መጡልን አንዱን በሌላው መተርጐም ለምደናል፤ መጻሕፍቱም ይህን ልማድ አጽንተውታል።

ከዚህ ለኛ ለተማሪዎች የሚተርፍ ሥራ አለ። በሸዋ ሮቢት፣ በአልዩ አምባና በሰንበቴ ገበያ ሽልንግና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ሲዘዋወሩ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች እጅግ ጥቂት ቀርተዋል። ወደ እነርሱ የሚሄድ ተማሪ «ብር በስንት ይመነዘር ነበር?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ የሀሪስንና የጆንስተንን ጥያቄ ደገመ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። መጠየቅ ያለበት፣ ብር ሲያስፈልግዎ ከማን ይገዙ ነበር? ስንት ያስከፍልዎ ነበር? የተሸረፈውን ጨው ማን ይቀበልዎ ነበር? ነጥቡ የደበዘዘውን ጠገራ ማን አልቀበልም ይል ነበር? ብሎ ነው። የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሰበሰብ የሠንጠረዡ ባዶ ግማሽ ይሞላል፤ የይፋት ገንዘብ ታሪክም በገዢው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሻጩም ቃል የተጻፈ ይሆናል።